ጠጥቶ በማሽከርከር የተከሰሰ ሰው ጠበቃው ሲለየው

ጠጥቶ ማሽከርከር ነፍስ የሚያጠፋ ወንጀል ነው፤ ይህ ርዕሰ አንቀጽ ያንን ለማቃለል አልተጻፈም። የምናነሣው ሌላ ጥያቄ ነው። ተከሳሹ ጠበቃ ከያዘ በኋላ፣ ክሱ ሳይቋጭ ጠበቃው ቢለየውስ? ክፍያ ስለተቋረጠ ጠበቃው ሊሰናበት ይችላል፤ ሊታመም፣ ሊሞት ወይም ፈቃዱ ሊታገድ ይችላል። ዜናው የሚደርሰው በእንግሊዝኛ በተጻፈ ደብዳቤ ነው። ተቀባዩ ሲያሽከረክር ውሎ የገባ፣ ክሱን በሐፍረት ከቤተ ዘመዱ የሸሸገ ሰው ከሆነ ደብዳቤውን የሚያስነብበው እንኳ አያገኝም።

ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባትን ቨርጂኒያን እንውሰድ። በዚያ የመጀመሪያው ጥፋት እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር መቀጮ ሊያስከትል ይችላል፤ መንጃ ፈቃድም ለአንድ ዓመት ይታገዳል። በደም ውስጥ የተገኘው አልኮል 0.15 በመቶ ከደረሰ ዳኛው ቢያዝን እንኳ ቢያንስ የአምስት ቀን እስራት አይቀርም። የንግድ መንጃ ፈቃድ ያለው ሹፌር በግል መኪናው ተይዞ ጥፋተኛ ቢባልም በፌዴራል ደንብ ለአንድ ዓመት ከሥራው ይታገዳል።

ጠበቃ በራሱ ፈቃድ ብቻ ከመዝገብ አይወጣም። በፍርድ ቤት ስሙ የተመዘገበ ጠበቃ በጥቅሉ የዳኛውን ፈቃድ መጠየቅ አለበት። የሙያው የሥነ ምግባር ደንብም ለደንበኛው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ፣ ሌላ ጠበቃ የሚፈልግበት ጊዜ እንዲሰጠው፣ ሰነዶቹን እንዲያስረክብና ያልሠራበትን ቅድሚያ ክፍያ እንዲመልስ ያዝዛል። በዚህ ዓይነት ክስ ሰነዱ ብዙ ዋጋ አለው፤ የትንፋሽ ምርመራው ውጤትና ከፖሊስ መኪና የተቀረጸው ምስል በዚያ ውስጥ ይገኛሉ። ጠበቃው ከሞተ ወይም ፈቃዱን ከተነጠቀ መዝገቡ የት እንዳለ የስቴቱን የጠበቆች ባር መጠየቅ ይቻላል።

ቀጠሮው ግን በቦታው አለ። ጠበቃ የለኝም ብሎ የቀረ ተከሳሽ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣበት ይችላል። ስለዚህ አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ ማመልከት፣ በዕለቱም በአካል ቀርቦ ተለዋጭ ቀጠሮ መጠየቅ ያስፈልጋል። የአማርኛ አስተርጓሚም አስቀድሞ ይጠየቅ። ለዳኛው የሚነገረው ስለ ጠበቃው መለየት እንጂ ስለዚያች ሌሊት አይደለም፤ «ሁለት ቢራ ብቻ ነው የጠጣሁት» ማለት ለተናጋሪው መከላከያ ይመስለዋል፣ ለዐቃቤ ሕጉ ግን ማስረጃ ነው። የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ ቢራዘምም የመንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤቱ የጊዜ ገደብ አብሮ አይራዘምም። ለምሳሌ በካሊፎርኒያ የእገዳውን ጉዳይ ለማስሰማት ያለው ጊዜ 10 ቀን ብቻ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሰጋን «አምኜ ልገላገል» የሚለው ሐሳብ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 በፓዲላ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ዜጋ ያልሆነ ተከሳሽ ጥፋተኝነቱን ቢያምን ከአገር ሊባረር የሚችል መሆኑን ጠበቃው እንዲነግረው ግዴታ አለበት ብሏል። ብቻውን ለቆመ ሰው ያንን ግዴታ የተሸከመለት የለም። አንድ ቀላል ጠጥቶ የማሽከርከር ጥፋት ብቻውን በአብዛኛው አያስባርርም፤ ሁለት ግን ሌላ ነገር ነው። ከ2019 ወዲህ ሁለት ጥፋቶች ዜግነት በሚጠይቅ ሰው ላይ መልካም ሥነ ምግባር የለውም የሚል የሕግ ግምት ሊያስከትሉ ይችላሉ፤ በጊዜያዊ ከለላ የሚኖር ሰውም በሁለት ሚስዲሚነር ከለላውን ያጣል።

ገንዘብ ያለቀበት ሰው በመንግሥት የሚመደብ ጠበቃ መጠየቅ አለበት። በ1972 እና በ1979 የተሰጡት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔዎች ተደምረው ይህን መብት በእስራት ለሚቀጣ ሚስዲሚነር ወስነውታል። በዚህም የተነሣ በቨርጂኒያ ዳኛው እስራት እንደማይፈርድ አስቀድሞ በጽሑፍ ካረጋገጠ ጠበቃ ላይመድብ ይችላል። ይህ ለዜጋ ተከሳሽ ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ለስደተኛው ግን ያልታሰረበት ጥፋትም በመዝገቡ ላይ ይቆያል። ሕግ አውጪዎች ዜጋ ላልሆነ ተከሳሽ እስራት ባይኖርም ጠበቃ እንዲመደብ፣ ዳኞችም ጠበቃው በቅርቡ የተለየውን ሰው የእምነት ቃል ከመቀበላቸው በፊት ጊዜ እንዲሰጡት እንጠይቃለን። በመተግበሪያ የሚሠሩ ሹፌሮች ቅጹን ሲሞሉ የነዳጅ፣ የኢንሹራንስና የጥገና ወጪያቸውን በደረሰኝ ያሳዩ፤ በእጃቸው ያለፈው ገንዘብ ሁሉ ገቢያቸው አይደለምና።

ዕድሮቻችንና የሃይማኖት ተቋሞቻችን ደግሞ ሳይፈርዱ ደብዳቤውን የሚያነብና ፍርድ ቤት አብሮ የሚሄድ አንድ ሰው ቢመድቡ ወጪው ብዙ አይደለም።

በቨርጂኒያ ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ያለ ጠበቃ ቆሞ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰውም ቢሆን በ10 ቀን ውስጥ ይግባኝ ካለ ጉዳዩ በሰርኪዩት ፍርድ ቤት እንደ አዲስ ይታይለታል። ቀኑ የሚቆጠረው ከፍርዱ ዕለት ጀምሮ ነው።