የቼዝ መክፈቻ ኮርስና ያለቦታው የሚወጣ ገንዘብ

በኢንተርኔት የሚሸጥ የቼዝ መክፈቻ ኮርስ፣ ተጋጣሚ በመጀመሪያዎቹ አሥራ ምናምን እርምጃዎች ለሚጫወተው ሁሉ የተዘጋጀ መልስ ይዞ ይቀርባል። ይህን ገበያ በሰፊው ካስለመዱት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2015 የተመሠረተው ቼሴብል የተባለው ድረ ገጽ ነው። ተማሪው መስመሩን፣ ማለትም የእርምጃዎቹን ቅደም ተከተል፣ ይለማመዳል፤ ፕሮግራሙም ቀናት እያራራቀ መልሶ ይጠይቀዋል። የዘዴው መነሻ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ስለ መርሳት ያሳተመው ጥናት ሲሆን፣ ነገርን በቃል ለመያዝ በእርግጥ ይረዳል። ስህተት ያለው በዘዴው ሳይሆን፣ መሻሻል የሚፈልግ ሁሉ ከመክፈቻ ኮርስ ይጀምር በሚለው ልማድ ላይ ነው። በተለይ በቪዲዮ ከታጀቡት ኮርሶች መካከል ከ100 ዶላር በላይ የሚያስከፍሉ አሉ፤ ይህን ያህል ገንዘብ ከማውጣት በፊት ኮርሱ የትኛውን ጉድለት እንደሚሞላ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ነጭ ጨዋታውን በ20 መንገድ ሊጀምር ይችላል። ሁለቱ ተጫዋቾች አንድ አንድ ጊዜ ሲጫወቱ 400፣ ሁለት ሁለት ጊዜ ሲጫወቱ ደግሞ 197,281 የተለያዩ ቅደም ተከተሎች ይፈጠራሉ። የኮርሱ አዘጋጅ ከዚህ ብዛት ውስጥ ብርቱ ተጫዋቾች የሚመርጡትን ለይቶ ያስተምራል። ጀማሪው የሚገጥመው ግን እንደ እሱ ያለ ጀማሪ ነው፤ ያ ተጋጣሚ ደግሞ ኮርሱን አላነበበም።

የዓለም ሻምፒዮን የነበሩት ቦቢ ፊሸርና ጋሪ ካስፓሮቭ ያዘወትሩት የነበረው የሲሲሊያን መከላከያ ናይዶርፍ ስልት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ጥቁር ናይዶርፍ ላይ የሚደርሰው በአምስተኛው እርምጃ ነው፤ እስከዚያ ድረስ ነጭ መንገዱን የሚቀይርባቸው አጋጣሚዎች ብዙ ናቸው። በሁለተኛው እርምጃ ብቻ አላፒን ወይም ዝግ ሲሲሊያን ከሚባሉት ስልቶች አንዱን ሊመርጥ፣ አለዚያም ወታደር ሠውቶ ስሚዝ-ሞራ ወደሚባለው ሊያመራ ይችላል። የኮርሱ ገዢ ለወራት ያጠናው ረጅሙ መስመር በሰሌዳው ላይ ሳይመጣ ይቀራል። ቢመጣም እንኳ ኮርሱ ያላነሳው ደካማ እርምጃ ሲገጥመው፣ ለምን ደካማ እንደሆነ ያልተረዳ ተማሪ ሊቀጣው አይችልም።

በዚህ ደረጃ ብዙውን ጨዋታ የሚወስነውም መክፈቻው አይደለም። ያለ ጠባቂ የተተወ ፈረስ፣ ሳይታይ ያለፈ የማት ዛቻ፣ አሸናፊ ሆኖ ሳለ በወታደሮች ፍጻሜ የተበላሸ ጨዋታ፤ ሽንፈት የሚመጣው ከእነዚህ ነው። ከመክፈቻው በትንሽ ብልጫ የወጣ ተጫዋች አንድ ግንብ በነጻ ካስበላ ያ ብልጫ ዋጋ የለውም። ኮርሱ ግን በየዕለቱ ትክክል የተመለሱ ጥያቄዎችን እየቆጠረ የመሻሻል ስሜት ይሰጣል። ጉዳቱ የሚብሰው እዚህ ላይ ነው፤ ለስሌት ልምምድ መዋል የነበረበትን ሰዓት በቃል መያዝ ይበላዋል።

ከመክፈቻ ሽምደዳ መራቅ አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ካፓብላንካ እ.ኤ.አ. በ1921 ባሳተመው የቼዝ መሠረታውያን መጽሐፍ ትምህርቱን የጀመረው ከቀላል የማት አሰጣጥ ነው፤ ጥቂት መሣሪያ ሲቀር እያንዳንዱ ምን ማድረግ እንደሚችል ይታያልና። ፊሸር ራሱ በቃል የተያዘ መክፈቻ ጨዋታውን እየገደለው ነው ብሎ በማመኑ፣ እ.ኤ.አ. በ1996 የኋላው ረድፍ መሣሪያዎች በዕጣ የሚደረደሩበትን፣ 960 መነሻ ያለውን ቼዝ አቅርቧል። ሰንጠረዥ በሚባለው የኢትዮጵያ ባህላዊ ቼዝም፣ ወረራ በሚባለው የጨዋታው መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ መሣሪያቸውን ያንቀሳቅሳሉ፤ የመጀመሪያው መብላት እስኪሆን ድረስ ብልህ ተጫዋች ዓይኑን ከተጋጣሚው አሰላለፍ ላይ አይነቅልም። ማየት የሚለመደው እንዲህ ነው።

ለጀማሪ የሚበቃው መክፈቻ ያለ ክፍያ ይገኛል። ሊቼስ በተባለው የቼዝ ድረ ገጽ ላይ በሚገኘው የመክፈቻ ማሰሻ የታላላቆቹንም ሆነ በራስ ደረጃ ያሉ ተጫዋቾችን ጨዋታ መመልከት ይቻላል፤ ስቶክፊሽ የተባለው የቼዝ ፕሮግራምም ጨዋታን በነጻ ይመረምራል።

የተከፈለበት ኮርስ የሚጠቅመው ሰው የለም ማለት አይደለም። በውድድር የሚሳተፍ፣ ተጋጣሚዎቹ ጨዋታዎቹን አስቀድመው የሚያጠኑበት ብርቱ ተጫዋች ዝግጅቱን ሌላ ሰው አሰናድቶ ቢያቀርብለት ጊዜ ያተርፋል። ሌላው ተጫዋች ግን ከመክፈሉ በፊት የቅርብ ጊዜ ሽንፈቶቹን በስቶክፊሽ ይመርምር። 12ኛው እርምጃ ላይ ሲደርስ አቋሙ በአብዛኛው ጤነኛ ከነበረ የመክፈቻ ኮርስ አያስፈልገውም። ከአንድ መክፈቻ በተደጋጋሚ ተሸንፎ ከወጣ ደግሞ ያንኑ መስመር ብቻ ያስተካክል፤ ለዚህም ቢሆን በመጀመሪያ በነጻ የሚሰጡትን አጫጭር ኮርሶች ይሞክር።