የካሜራው መጋረጃ ሲሰንፍ

ሠርግ አንድ ቀን ነው። ፎቶው ቢበላሽ፣ ለፎቶ ብለን ደግመን አንድርም። ስለዚህ አሮጌ ካሜራ አስቀድሞ ይፈተሻል።

ዛሬ ዞርኪ 4 የሚባለውን እንይ። በሶቪየት ኅብረት ከ1956 እስከ 1973 እ.ኤ.አ. ይሠራ የነበረ የፊልም ካሜራ ነው። በውስጡ ሁለት የጨርቅ መጋረጃዎች አሉ። አንዱ ይከፍታል፤ ሌላው ተከትሎ ይዘጋል። ብርሃን በመካከላቸው ገብቶ ፊልሙ ላይ ያርፋል።

በመጀመሪያ ፊልም እንደሌለበት እናረጋግጥ። የጀርባውን ክዳን እናውጣ። ሌንሱን ወደ ሰማይ እናዙር። አደራ፣ ወደ ፀሐይ አይሁን! ፀሐይ ጨርቁን አቃጥላ ትበሳለች። በጨርቁ ላይ የሚያበራ ነጥብ ካየን ቀዳዳ አለ ማለት ነው። ፎቶው ላይ ነጭ ነጥብ ይወጣል።

ቀጥሎ ፊልም ማሳለፊያውን እናዙር። ከዚያ ፍጥነቱን 500 ላይ እናድርግ። ቅደም ተከተሉን ከገለበጥነው ካሜራው ሊበላሽ ይችላል። አሁን ከኋላ እያየን እንጫን። ብርሃኑ ከዳር እስከ ዳር ከታየ ደኅና ነው። አንዱ ጎን ከጨለመ ግን ሁለተኛው መጋረጃ የፊተኛውን ደርሶበታል። የፎቶው ጎን ይጠቁራል፤ ሙሽራው ወይም ሙሽሪት ትቀራለች።

መጋረጃውን በጣት አንንካ። ዘይትም አናፍስበት፤ አቧራ ይሰበስባል። ለሚያውቅ ጠጋኝ እንስጠው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ።