የአህያን ሥጋ አለመብላት ብቻውን ይበቃልን? የጭነት እንስሳትና ክርስቲያናዊ ኃላፊነት

በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ ከተማ ሥራ የጀመረው የአህያ ቄራ ከኅብረተሰቡ በተነሣበት ብርቱ ተቃውሞ ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ። በየካቲት 2016 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የተሰበሰቡት የአፍሪካ ኅብረት አባል ሀገራት መሪዎች አህያን ለቆዳው ሲባል ማረድ በአህጉሩ እንዲታገድ ወሰኑ። ሁለቱም እርምጃዎች የሚመሰገኑ ናቸው። ይሁን እንጂ የተመለከቱት የአህያውን አሟሟት ነው፤ አኗኗሩን አልነኩትም። በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚ በሆነችው በኢትዮጵያ ግን ዋናው ጥያቄ በየዕለቱ እህል፣ ውኃ፣ ከሰልና አሸዋ ተሸክሞ የሚውለው እንስሳ እንዴት ይያዛል የሚለው ነው።

ለቢሾፍቱው ተቃውሞ ከነበሩት መነሻዎች አንዱ ሃይማኖታዊ ነበር። በኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ዘንድ የአህያ ሥጋ አይበላም፤ መታረዱም እንደ ነውር ይቆጠራል። ይህ ስሜት ሊከበር የሚገባው ቢሆንም፣ የአንድን እንስሳ ሥጋ መጸየፍና ለእንስሳው መራራት አንድ አይደሉም። ቄራውን አጥብቆ የነቀፈ ምእመን፣ ጀርባው የቆሰለ አህያ ከአቅሙ በላይ ተጭኖ ሲደበደብ እያየ ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የጠበቀው የራሱን ንጽሕና እንጂ የፍጥረቱን ሕይወት አይደለም።

ቅዱሳት መጻሕፍት ከዚህ የሰፋ ነገር ይጠይቃሉ። አህያን ከማይበሉት እንስሳት ወገን የመደበው የኦሪት ሕግ ራሱ፣ ለዚያው አህያ ርኅራኄን አዝዟል። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 መሠረት ከሸክሙ በታች የወደቀ አህያ የጠላት ንብረት እንኳ ቢሆን ትቶት ማለፍ አይፈቀድም። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 5 የሰንበት ዕረፍት በሬንና አህያን ይጨምራል። መጽሐፈ ምሳሌም በምዕራፍ 12 ለእንስሳው ነፍስ ማሰብን የጻድቅ ሰው ጠባይ ያደርገዋል። በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ለሰው የተሰጠው ገዥነት በምዕራፍ 2 ከተጣለበት የመጠበቅ አደራ ተለይቶ ሊነበብ የማይገባውም ለዚህ ነው።

ሰው ጠግቦ ባላደረበት ሀገር ስለ አህያ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን ባለ አህያው አብዛኛውን ጊዜ ድኻ ነው፤ አህያው የታመመ ዕለት የቤተሰቡ ገቢ ይቋረጣል። ስለዚህ የእንስሳው ጤንነትና የባለቤቱ እንጀራ የተሳሰሩ ናቸው። በሌላ በኩል ባለ አህያውን ብቻ ጨካኝ ብሎ መኰነን ፍትሐዊ አይደለም። ጡብ ወይም አሸዋ የሚያስጭነው ሰው ክፍያውን በኩንታል ወይም በምልልስ ቆርጦ ዋጋውን ዝቅ ሲያደርግ፣ ጭነቱ እንዲበዛና ዕረፍቱ እንዲያጥር ይገፋፋል። አስጫኙን ትቶ ነጂውን መውቀስ «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» እንደሚባለው ይሆናል።

እንግዲህ ኃላፊነቱ መጀመር ያለበት ከከፋዩ ነው። ክርስቲያን ነጋዴም ሆነ ቤት ሠሪ፣ ቤተ ክርስቲያን የሚያሠራው የሕንፃ ኮሚቴ ሳይቀር፣ ከባለ አህያው ጋር ሲዋዋል የጭነቱን ልክ አስቀድሞ ሊወስንና ያንን ልክ የሚያስችል ዋጋ ሊከፍል ይገባል። ዕቃው በሚራገፍበት ስፍራ ውኃ ማቅረብና ጀርባው የቆሰለ አህያ እንዳይጫን መከልከልም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በዚህ ረገድ የሥነ መለኮት ተመራማሪዎችና በቢሾፍቱ የሚገኘው የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ባለሙያዎች በጋራ ቢሠሩ፣ የመጫኛ ልክና የቁስል እንክብካቤ ትምህርት በየአጥቢያው ሊዳረስ ይችላል። ስለ አህያይቱና ስለ ውርንጭላዋ በየዓመቱ የሚሰበክበት የሆሳዕና በዓል ለዚህ ትምህርት ምቹ ዕለት ነው።