ዝምታ ከድጋፍ አይቈጠርም

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በነዋሪዎች ማኅበር ስብሰባ ዘወትር የምናየው አንድ ትዕይንት አለ። ሰብሳቢው ሐሳቡን ያቀርብና «የሚቃወም አለ?» ሲል ይጠይቃል፤ አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ «በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» የሚል ቃል በቃለ ጉባዔው ይሰፍራል። ስብሰባው ተበትኖ ሰዉ ከበሩ ሲደርስ ግን እውነተኛው ውይይት ይጀመራል። በአዳራሹ ያልተሰማው ተቃውሞ በመንገድና በሻይ ቤት ይሰማል። ለመሆኑ ይህ የሚሆነው ስለምንድን ነው?

ብዙዎች መልሱን በፍርሃት ይጠቀልሉታል። ፍርሃት ትልቅ ድርሻ እንዳለው አይካድም። ደመወዙና ዕድገቱ በአለቃው ብዕር ሥር የሆነ ሠራተኛ ከመናገሩ በፊት የልጆቹን እንጀራ ያስባል። የአገራችንም ታሪክ የከፋውን ይመሰክራል። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀበሌ ስብሰባዎች የተለየ ሐሳብ መሰንዘር «ፀረ አብዮት» አሰኝቶ ለእሥርና ለሞት ይዳርግ ነበር። ስለ ሂስና ግለ ሂስ በሚሰበክበት በዚያው አዳራሽ የብዙው ሰው እጅ ይነሣ የነበረው ስላመነ ሳይሆን በሕይወት ለመኖር ነበር። እንዲህ ያለ ትምህርት ዘመኑ ቢያልፍም ከሰው ልብ ቶሎ አይወጣም።

ሐቁ ግን ቅጣት በሌለበትም ሰው ዝም ማለቱ ነው። የሥነ ልቡናው ሊቅ ሶሎሞን አሽ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በአሜሪካ ባካሄደው ምርምር፣ ተማሪዎች በቡድን ተቀምጠው የመስመሮችን ርዝመት እንዲያወዳድሩ አደረገ። ከአንዱ ተፈታኝ በቀር ሌሎቹ አስቀድመው የተመከሩ ስለ ነበሩ በአንድ ድምፅ የተሳሳተ መልስ ሰጡ። ከተፈታኞቹ መካከል ከአራቱ ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ዓይናቸው ያየውን ትተው ብዙኃኑን ተከተሉ። የሚያስፈራራቸው አለቃ አልነበረም፤ ብቻቸውን መቅረት ከበዳቸው እንጂ። ልብ ሊባል የሚገባው ግን ሌላው ውጤት ነው። ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነቱን ሲናገር የብዙኃኑ ግፊት ወደ ሩብ ያህል ወረደ። መልስ በጽሑፍ ሲሰጥም ስሕተቱ በእጅጉ ቀነሰ።

የዝምታ ዋጋ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ደግሞ የቻሌንጀር መንኰራኵር አደጋ ያስረዳል። ጥር 19 ቀን 1978 ዓ.ም. ማታ የሮኬቱ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች፣ መገጣጠሚያውን የሚያሽገው የጎማ ቀለበት በብርድ ስለሚደነድን በማግሥቱ መወንጨፉ እንዲቀር በስልክ በተደረገ ስብሰባ ተከራከሩ። የጠፈር መሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ሐሳቡን ባለመውደዳቸው የኩባንያው አለቆች ለብቻቸው መክረው የመሐንዲሶቻቸውን ምክር ሻሩ። በመጨረሻ «የተለየ አስተያየት ያለው አለ?» ተብሎ ተጠየቀ። የመለሰ አልነበረም። በማግሥቱ መንኰራኵሩ በተነሣ በ73ኛው ሴኮንድ ተሰባብሮ 7 ሰዎች አለቁ።

ከዚህ የምንማረው መሠረታዊ ነገር አለ። መሐንዲሶቹ ፈሪዎች አልነበሩም፤ ተናግረዋል። ዝም የተባለው ውሳኔው ካለቀ በኋላ በቀረበው ጥያቄ ላይ ነው። ስለዚህ «የሚቃወም አለ?» የሚለው ጥያቄ ነፃ ጥያቄ አይደለም። ተቃዋሚው ብቻውን ተነሥቶ ራሱን እንዲያሳይ የሚጠራ ነው። እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ጎረቤቱን ይመለከታል፤ ጎረቤቱም ዝም ያለው እርሱኑ እየተመለከተ መሆኑን አያውቅም። በዚህ ሁኔታ አብዛኛው ሰው የማይፈልገው ነገር «በሙሉ ድምፅ» ሊጸድቅ ይችላል።

በመሆኑም መፍትሔው ሰውን «ለምን አትናገርም?» ብሎ መውቀስ አይደለም፤ የስብሰባን አካሄድ ማረም ነው። ሰብሳቢው ሐሳቡን በመጨረሻ ይግለጽ። ጥያቄው «ይህ ውሳኔ ምን ጉዳት ሊያመጣ ይችላል?» ተብሎ ከውሳኔው በፊት ይቅረብ። ከባድ ጉዳይ ሲሆን አስተያየት ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይሰብሰብ። ከሁሉም በላይ ቀድሞ የተቃወመው ሰው፣ ቢሳሳት እንኳ፣ አይሸማቀቅ። አንዱ ሲከበር ለሌሎች በር ይከፈታልና።

«ዝም አይነቅዝም» ይላል የአገራችን ሰው። ያልተነገረ ስሕተት ግን ይነቅዛል፤ የሚነቅዘውም በሁላችን ቤት ነው። በሚቀጥለው ስብሰባ አዳራሹ ጸጥ ሲል፣ ሰብሳቢዎችም ሆንን ተሰብሳቢዎች፣ «ተስማማን» ብለን ከመጻፋችን በፊት ያልተናገረው ማን እንደሆነና ስለምን እንዳልተናገረ እንጠይቅ።