ቢያድግልኝ ማን ነው?

ከባሕር ዳር የሚመጣው መንገድ ወረታ ሲደርስ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ጎንደር ይቀጥላል፣ ሌላው ወደ ደብረ ታቦርና ወልድያ ይታጠፋል። ከመገንጠያው ብዙም ሳይርቅ፣ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች ድምፅ ከሚሰማበት አንድ ኮምፒውተር ቤት፣ ፎቶ ኮፒ ላስነሳ ገብቼ ያየሁትን ላውጋችሁ።

አንድ አዛውንት ገበሬ ጎረምሳ ልጃቸውን አስከትለው የውጭ አገር ፎርም ያስሞላሉ። ጸሐፊዋ፣ «አባባ፣ የቤተሰብ ስም?» አለቻቸው።

«ቤተሰቤ ብዙ ነው ልጄ፤ የማንን ልንገርሽ?»

ሳቀች። «የልጁን አያት ስም ማለቴ ነው።»

«የሱ አያት የኔ አባት ነዋ! ልጁ የሚጠራው በኔ ነው።»

«ለፈረንጅ እንዲህ ነው የሚሞላው፣ አባባ።»

አዛውንቱ የልጃቸው ነገር እንዳይበላሽ ብለው ዝም አሉ። የአባታቸውን ስም እኔ ቢያድግልኝ ልበለው። ቢያድግልኝ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሰው መሆኑ ቀረና «ሰርኔም» ሆነ።

ለመሆኑ ቢያድግልኝ ማለት ምን ማለት ነው? ይህን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት ለቀባሪ ማርዳት ነው። በእኛ አገር ስም ንግግር ነው። ልጆቿን እየቀበረች የኖረች እናት አዲስ የተወለደውን ታቅፋ «ምነው ይኼ እንኳ ቢያድግልኝ!» ስትል ያ ጸሎት ስም ይሆናል። ምትኩ የሞተ ልጅ ወይም የሞተ ዘመድ ምትክ ነው። ማስረሻ ኀዘን ያስረሳል፤ ካሣ የጎደለውን ይክሳል፤ ታረቀኝ የተባለው ልጅ ሲወለድ አባቱ ከፈጣሪው ጋር ታርቋል። እያንዳንዱ ስም ቀን አለው፣ ተናጋሪ አለው፣ ምክንያትም አለው።

የቢያድግልኝ ጸሎት የተጸለየው ስለ አንድ ሕፃን ነው። ሕፃኑ አደገ፣ ወለደ፣ አረጀ፤ ጸሎቱም ደረሰ። እንግዲህ ዴንቨር ውስጥ ለሚወለደው የልጅ ልጅ ልጁ «ቢያድግልኝ» ምኑ ነው? ፈረንጆቹ በትክክል ሊጠሩት የማይችሉት፣ እሱም ትርጉሙን የማያውቀው የፊደል ክምር ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለ ስሞች የሚያጠና ሰው ቢያገኘው፣ «ብርቅዬ ስም፤ ምንጩ አይታወቅም» ብሎ ይመዘግበው ይሆናል።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ማየት የሚፈልግ ወደ እንግሊዞች ይመልከት። እንግሊዝ አገር ሺፕሻንክስ የሚባል፣ እምብዛም የማይገኝ የቤተሰብ ስም አለ። ቃሉ በቀጥታ ሲፈታ «የበግ ቅልጥም» ማለት ነው። መነሻው ቅጽል ስም ነው፤ በአንድ ዘመን እግሩ የቀጠነ ሰው ላይ የመንደሩ ሰው ቀለደበት። እኛ ዘንድ ቢሆን ቀልዱ ከሰውየው ጋር ተቀብሮ ይቀር ነበር። እነሱ ዘንድ ግን ወረሱት። በ1857 እ.ኤ.አ. የሥዕል ስብስቡን ለሕዝብ ሙዚየም ያበረከተው ለጋሹ ጆን ሺፕሻንክስም፣ ከዋክብት መርማሪው ወንድሙ ሪቻርድም፣ ቅልጥማቸው እንደ ዝሆን ቢሆን ኖሮ እንኳ የበግ ቅልጥም እየተባሉ ይኖሩ ነበር።

ሺፕሻንክስን የምጠቅሰው ለመሳቅ ብቻ አይደለም። እንግሊዞችም ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት እንደኛ ነበሩ። ጆንሰን ማለት የጆን ልጅ ማለት ነው፤ ያኔ አባትየው በእርግጥም ጆን ነበር። በኋላ ግብር ሰብሳቢውና መዝጋቢው እየበረቱ ሲሄዱ ስሙ ባለበት ደርቆ ቀረ። ዛሬ የጆንሰን አባት ፒተር ነው፤ የስሚዝም ልጅ ብረት ቀጥቅጦ አያውቅም። ቱርኮች በ1934፣ ታይላንዶች በ1913 እ.ኤ.አ. የቤተሰብ ስም እንዲይዙ በሕግ ታዘዙ። ለመንግሥት መዝገብ ሲባል የሆነውን እኛ ለምን ሥልጣኔ ብለን እንደምንጠራው አይገባኝም።

ሥልጣኔ ነው ያሉ በእኛም አገር አልጠፉም። ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 32 ጀምሮ ለእያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የቤተ ዘመድ ስም ደንግጎ ነበር። ሕዝቡ ምን አደረገ? ሕጉን አልተቃወመም፣ አልተሰለፈም፤ ዝም ብሎ እንደ አባቱ ልማድ መጠራቱን ቀጠለ። ዛሬም በልደት ምስክር ወረቀት ላይ የሚጻፈው የልጁ ስም፣ የአባቱና የአያቱ ስም ነው፤ የእናቱም አለበት። ባላገሩ በዝምታ የረታውን ክርክር እኛ የተማርነው ነን በገዛ ፈቃዳችን የምንሸነፈው።

የሽንፈቱ ውጤት ደግሞ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ኃይለ ማርያም የሚለው ስም ከወገቡ ይቆረጥና ሰውየው «ሚስተር ማርያም» ይባላል። ወልደ ሥላሴ «ሚስተር ሥላሴ» ሲባል የሚሰማ ቄስ ምን ይል ይሆን? በ1960 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ነው፤ ዓለም ግን «ቢኪላ» እያለ አባቱን አጨበጨበለት። ቆይቶም አንድ የውጭ ኩባንያ ጫማውን «ቢኪላ» ብሎ ሸጠ፤ በ2015 እ.ኤ.አ. የአበበ ቤተሰቦች ክስ መሠረቱ። አባትን ማክበር ደግ ነው፤ ሯጩ ግን እሱ አልነበረም።

«ታዲያ ምን እናድርግ?» የሚሉ አሉ። «አባት በአንድ ስም፣ ልጅ በሌላ ስም ሲጓዝ አየር ማረፊያ ላይ ይጠየቃል። ወንድማማቾች የአባታቸውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ ጽፈው ባዳ ይመስላሉ።» እርግጥ ነው፣ ችግሩ አለ። ነገር ግን አይስላንዶችም እንደኛ በአባት ስም ይጠራሉ። በ1925 እ.ኤ.አ. አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በሕግ ከልክለው፣ የስልክ ማውጫቸውን በመጠሪያ ስም ደርድረው ኖሩ። አገራቸው አልፈረሰም፤ አውሮፕላናቸውም ያለ ችግር ይበራል። የአጻጻፉ ጉዳይ ደግሞ ስምን በአንድ ዓይነት ፊደል በመጻፍ ይፈታል እንጂ አያትን በመውረስ አይፈታም።

«ዘር የሚቆጠረው በቤተሰብ ስም ነው» ለሚለኝ ፎገራ ሄዶ አንድ ሽማግሌ ይጠይቅ። ጋብቻ ሊፈጸም ሲል እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። የእኛ የቤተሰብ ስም አንድ አይደለም፤ ሰባት ነው። ያውም በአባት ብቻ አይደለም። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ እስኪያስቀረው ድረስ የርስት ባለቤት ወደ አቅኚው አባት የሚቆጥረው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር፤ በሴት አያቱ በኩል ቆጥሮ ርስት ያገኘ ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ የእኛንም ልማድ ልውቀስ፦ ቢያድግልኝን ስም ያወጣችለት እናት በዕለት አጠራራችን ውስጥ የለችም። ማሻሻል ካማረን እሷን እንጨምር። ያገባች ሴት በስሟ የምትኖርበትን አገር ትተን በባሏ አያት ስም ወደምትጠራበት መሄድ ግን መሻሻል አይደለም።

አሜሪካም ቢሆን በአብዛኞቹ ግዛቶች ወላጅ ለልጁ የሚሰጠውን የመጨረሻ ስም ራሱ ይመርጣል። ስለዚህ ማንም አላስገደደንም። በፎርሙ ክፍት ቦታ ላይ የአባቱን ስም ጻፉለት፤ ልጁም ሲወልድ የራሱን ይስጥ። ቢያድግልኝን ደግሞ ከሰባቱ ጋር አስቆጥሩት፤ ማን እንደነበረ፣ እናቱ ለምን እንዲያ እንዳለች ንገሩት።

ከኮምፒውተር ቤቱ ስወጣ ወፍጮዎቹ ይጮኻሉ። ሩዝ ለፎገራ ባዳ ነበር፤ በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው ያስለመዱት። ገበሬው ለዓመታት የዘራው ዝርያ ግን «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ጅግና በጎረቤት ደራ ወረዳ ያለ ቀበሌ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው እህል ያገራችንን ስም ይዞ ትርጉም አገኘ። ከዚህ የሚሄደው ልጃችን ስሙን ይዞ፣ ትርጉሙን ጥሎ መሄድ አለበት?