ከለገሃር እስከ ጄኔቫ

ዛሬ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ላወጋችሁ ነው የተነሣሁት። ነገር ግን መጀመሪያ የራሳችንን ጉድ ልንገራችሁ።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ መሬት ተንሸራትቶ ከ200 በላይ ሰው እንዳለቀ ታስታውሳላችሁ። ከሞቱት ብዙዎቹ መጀመሪያ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ጎረቤቶች ነበሩ። ጎፋና ጋሞ ለረጅም ጊዜ አንድ ዞን ሆነን የኖርን ነንና፣ እዚህ አርባ ምንጭ ወሬውን ሰምቶ ቤቱ የተቀመጠ ሰው አልነበረም። የእኛ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ሁለት ቀን ሳይሞላ በልብስ ተሞላ። ጋቢ፣ ነጠላ፣ የሕፃን ቱታ። ባለ ተረከዝ የሴት ጫማም ነበረበት፤ ያውም አንድ እግሩ ብቻ!

ከዚያስ? ማን ይጫነው? በምን? እዚያ ሲደርስ ማን ይረከበው? ኮሚቴው ሁለት ጊዜ ተሰበሰበ፤ ሁለቱንም ጊዜ በጸሎት ተከፍቶ በጸሎት ተዘጋ። ልብሱ ግን ከተከመረበት አልተነቃነቀም። ኮሚቴው ውስጥ ያለነው የመዘምራን መሪው፣ ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ የመጋቢው ሚስት ነን። ስንጸልይ እናለቅሳለን። ጭነት ጭኖ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን አንድም አልነበረም።

በሦስተኛው ቀን ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር የሚቀመጡ አንዲት እናት መጡ። በአንድ ድርጅት ንብረት ክፍል ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ ናቸው። ክምሩን ዞር ዞር ብለው አዩና፣ “ልጄ፣ ደብተር አለሽ?” አሉኝ። እስከ ማታ ልብሱን በወንድ፣ በሴት፣ በሕፃን ለዩት። የተቀደደውን አወጡ። የቀረውን በማዳበሪያ ከረጢት አሳስረው፣ በየከረጢቱ ላይ ቁጥር ጻፉ። ሹፌር ፈልገው አስጠሩ፤ ሲረከብም አስፈረሙት። በማግስቱ ጭነቱ ሄደ። እኚህ እናት 14 ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ሲያመልኩ ምን ሥራ እንደሚያውቁ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅሁም።

የዚያን ቀን ማታ ነው አቶ በቀለ ገለታ ትዝ ያሉኝ።

ስማቸውን ያልሰማችሁ ካላችሁ ልንገራችሁ። አቶ በቀለ እ.ኤ.አ. በ1944 በወለጋ ተወለዱ። ተምረው የምድር ባቡር ድርጅት ዋና ሥራ አስኪያጅ ለመሆን በቁ። ለገሃር ላይ ቆሞ ባቡር የሸኘ ሰው የሚያየው መሐረብ የሚያውለበልበውን መንገደኛ ነው። ሥራ አስኪያጁ ግን የሚያስበው ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ ከ780 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ አንድ ነጠላ ሐዲድ ነበር። ቡናና ቆዳ ይወርድበታል፤ ከውጭ የተገዛው ዕቃ ይወጣበታል። አንዱ ባቡር መንገድ ላይ ከቆመ የኋላውም የፊቱም ይቆማል። እንዲህ ያለ ሥራ የያዘ ሰው ዘወትር የሚጠይቀው፣ “የትኛው ጭነት የት ደረሰ?” ብሎ ነው።

ከዚያ እስራት መጣ። በደርግ ዘመን አምስት ዓመት የፖለቲካ እስረኛ ሆኑ። ያንን ጊዜ የምታስታውሱ እናቶች ስንቅ ማመላለስ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ምግቡን ቋጥረው ከእስር ቤቱ በር ላይ የሚቆሙ ሚስቶችና እናቶች ነበሩ። ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ትናንት ሺህ ሠራተኛ ያዝዝ የነበረ ቢሆንም፣ የሚበላው ከሌላ ሰው እጅ እስኪመጣ መጠበቅ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ትምህርት የትኛውም መሥሪያ ቤት አያስተምርም።

ከእስር ከወጡ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1984 የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ዓመቱን ልብ በሉ፤ የሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው! ኮረምና መቀሌ ላይ ሰው እንደ ቅጠል ሲረግፍ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶ አለቀሰ፤ ገንዘብም እህልም ላከ። ነገር ግን ስንዴው ወደብ ደርሶ ይከመር ነበር። የጭነት መኪናው ጥቂት ነው፣ መንገዱ አስቸጋሪ ነው፣ በዚያ ላይ ጦርነቱ አለ። እስከ ሰማይ ድረስ ሄደው፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል አውሮፕላኖች ሳይቀሩ እህል ያመላልሱ ነበር። እንግዲህ ቀይ መስቀልን እንዲመሩ የተገኙት ሰው ጭነት የሚያውቁ፣ ረሃብንም ከቅርብ የሚያውቁ ነበሩ።

እዚህ ላይ ዮሴፍን ያላሰበ ክርስቲያን አይኖርም መቼም። ከወኅኒ ወጥቶ በረሃብ ዘመን እህል ላይ ተሾመ። ስለ ሕልሙ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ጶጢፋር ሚስት ስንት ስብከት ሰምቻለሁ! ስለ ጎተራዎቹ ግን አንድም አልሰማሁም። (ባለቤቴ ይህን ሲያነብ ምን እንደሚል አውቃለሁ።) እስቲ አስቡት፣ የሰባት ዓመት እህል ነቀዝ ሳይበላው ማቆየት፣ በየከተማው ማከማቸት፣ ማን ስንት እንደ ወሰደ መመዝገብ ቀላል ሥራ ነው?

አቶ በቀለ እስከ 1988 እ.ኤ.አ. ማኅበሩን መሩ። በኋላም የትራንስፖርት ምክትል ሚኒስትር፣ በጃፓንም አምባሳደር ሆኑ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ስደተኛ ሆነው ካናዳ ገቡ። ውጭ አገር ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እዚያ “አገር ቤት አምባሳደር ነበርኩ” ብትሉ ማንም ወንበር አይለቅላችሁም። እንደገና ከታች ጀመሩ። በኬር ካናዳ ሠሩ፤ በቀይ መስቀል ፌዴሬሽን የአፍሪካን ክፍል መሩ፤ በካናዳ ቀይ መስቀልም የውጭ ሥራውን ያዙ። በመጨረሻም በ2008 መገባደጃ በጄኔቫ የዓለም አቀፉ የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ፌዴሬሽን ዋና ጸሐፊ ሆኑ። ለዚያ ወንበር የመጀመሪያው አፍሪካዊ እርሳቸው ናቸው። እስከ 2014 ሲቆዩ የሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የፓኪስታን ጎርፍ፣ አምባሳደር የነበሩባትን ጃፓንን የመታው ሱናሚ ሁሉ በእርሳቸው ጊዜ ሆነ።

ነጋዴና ሥራ አስኪያጅ ሁሉ ዕርዳታ ይምራ እያልኩ አይደለም። የቀይ መስቀል አሳብ አመንጪ ሄንሪ ዱናን ራሱ የስዊዘርላንድ ነጋዴ ነበር። በ1859 ሶልፌሪኖ ላይ በጦርነት የቆሰሉትን ያገኘው በአልጄሪያ ላለው ወፍጮ ውኃ እንዲፈቀድለት ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊን ሊለምን ሲሄድ ነው። ቁስለኞቹን ያየ ልቡ ዓለምን ለወጠ፤ ንግዱ ግን ከስሮ ብዙ ዓመት በድህነት ኖረ። እንዲህ ያለውን ሰው የሒሳብ መዝገብ አስይዤው አላድርም!

የሚያሳስበኝ እኛ ቤት ያለው ነገር ነው። ለምሕረት አገልግሎት ሰው ስንመርጥ የምንጠይቀው “ትጸልያለች ወይ? ትዘምራለች ወይ?” ብለን ነው። መልካም ነው። ነገር ግን በሐዋርያት ዘመን የመበለቶች ምግብ ሲጓደል የተመረጡት ሰባት ሰዎች መንፈስ ብቻ ሳይሆን ጥበብም ተፈልጎባቸዋል። የባንክ ገንዘብ ያዥዋ፣ የጤና ጣቢያው መድኃኒት ዕቃ ቤት ሠራተኛ፣ ሙዝ ጭኖ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሹፌር በእናንተ ቤተ ክርስቲያን የት ይቀመጣሉ? መቼስ ነው ከመባ በቀር ሌላ ነገር የጠየቃችኋቸው?

በእኛ በኩል የአዳራሹ የኋላ ክፍል ቁልፍ አሁን እኚያ እናት ጋ ነው። አንድ የሚያዝያ ሌሊት በጋሞ ደጋ ሲዘንብ አድሮ ኩልፎ ደፍርሶ ሲያጓራ ደነገጥሁና ገና ሳይነጋ ደወልኩላቸው። “ሃያ ስድስት ብርድ ልብስ አለ፤ ሁለቱ ቀዳዳ ናቸው። ሹፌሩንም ቀስቅሼዋለሁ” አሉኝ፤ ምን ፈልጌ እንደ ደወልኩ ገና አልነገርኳቸውም ነበር።