አያቴና የውጭ ተማሪ

ልጅ ሳለሁ ጎጃም፣ ደብረ ኤልያስ፣ አያቴ ቤት፣ ማለዳ ቀድሞ የሚሰማው የውሻ ጩኸት ነበር፤ ቀጥሎ «በእንተ ስማ ለማርያም»። አያቴ ከመሶቧ ቁራሽ ይዛ ብቅ ትላለች። የቆሎ ተማሪው በአንድ እጁ በትሩን ለውሻው እንደደገነ በሌላው አኩፋዳውን ይከፍታል። እንጀራ ካለቀባት «ተማሪ፣ እግዜር ይስጥህ» ትለዋለች፤ ሄዶ በማግሥቱ ይመለሳል። ከላስታ ይምጣ ከሸዋ ጠይቃው አታውቅም።

ዩኒቨርሲቲዎቻችን የውጭ ተማሪ ይሳቡ ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ደጅ ትዝ ይለኛል። ወሬው ሁሉ ስለ ቪዛ፣ ስለ ክፍያና ስለ ዶርም ነውና። ጎጃም ግን ከየአገሩ ተማሪ ሲሰበስብ የኖረው የኔታ ሳያስከፍሉ እያስተማሩ፣ ቀለቡን መንደሩ እየቻለ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁም በደብረ ኤልያስ፣ በደብረ ወርቅና በዲማ ጊዮርጊስ የተማሩት በዚሁ ዓለም ውስጥ ነው። ሁሉም ማር ነበር ማለቴ አይደለም፤ ውሻ የዘነጠለው ባት አይቻለሁ፣ ራብና ቅማሉንም እንዲሁ።

መንግሥትም ሞክሮታል። በ1950 ዓ.ም. ግድም ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ ወጣቶች 200 ያህል ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡ። ከኬንያ፣ ከናይጄሪያና ከሌሎችም አገሮች የመጡት እንግዶች አልጋና ቀለብ አገኙ፤ በምላሹ ጃንሆይ ያላዘዙትን ነገር ይዘው መጡ። ስለ ፖለቲካ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይከራከሩ ነበር። የእኛዎቹ ተማሪዎች ዝምታ አስገረማቸው፤ የእኛዎቹም በዝምታቸው አፈሩ። የተማሪው ንቅናቄ ሲነሣ የእነዚያ እንግዶች እጅ እንዳለበት ብዙ ተጽፏል። እንግዳ ተማሪ ባዶ እጁን አይመጣም፤ እኔ በበኩሌ ለዚሁ ስል እንዲመጣ እመኛለሁ።

ዛሬ ከደቡብ ሱዳን የመጡ ወጣቶች በግቢዎቻችን ይማራሉ። የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011 የመማርን በር ከፍቷል። አዋጅ ግን ፋሲካ ሲደርስ፣ ዶርሙ ጭር ሲል፣ ልጁ የማን ቤት እንደሚውል አይነግረንም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ የተመደበውን ተማሪ ከከተማው ነዋሪ ጋር በ«ቃል ኪዳን ቤተሰብ» ማዛመዱን ስሰማ፣ አያቴን ቢሮ ያስገቧት መሰለኝ። ይኸው ዝምድና ከጁባ ለመጣውም ይድረሰው ባይ ነኝ።

አያቴ ብትኖር እሱንም አገሩን አትጠይቀውም ነበር። የምትጠይቀው ጾመኛ መሆኑን ነው። «አይጾምም» ቢሏት ታጉረመርማለች፤ እንጀራውን ግን አታስቀርበትም።